የበቅሎዋ ቃጭል በዌምብሊ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ምንም የማይገባችሁን ጨዋታ ነፍሱን ሰጥቶ ከሚወድ ሰው ጋር አንድ ቤት ሰንብታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ቴሌቪዥኑ ላይ ሲጮህ፣ እናንተም ማን ማንን እንደበደለ ሳታውቁ አብራችሁ «ኧረ ግፍ ነው» ብላችሁስ? ካልሆነባችሁ ይህን ማስታወሻ በትዕግሥት አንብቡልኝ። ከሆነባችሁ ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔም ለንደን ድረስ ሄጄ፣ ራሴ ላይ ሁለት ረዣዥም የበቅሎ ጆሮዎች ደፍቼ፣ ከብዙ እንግሊዞች ጋር እንደ በቅሎ ጮኬ ተመልሻለሁ።

የምጽፈው ለደብረ ብርሃን የሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎቼ ነው። ርእሰ መምህራችን ፈቃድ ሲሰጡኝ «ያየሽውን በቅደም ተከተል ጽፈሽ ታነቢልናለሽ» ብለው ቃል አስገብተውኛል። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ቅደም ተከተል እወዳለሁ። ስለዚህ ከመነሻው እጀምራለሁ።

ሐሙስ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት በማለዳ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እናቴ «ለንደን ደግሞ ከዚህ ይብሳል» እያለች ሦስተኛ ሹራብ ደረበችልኝ። ሄጄ አየሁት፤ አይብስም። ደብረ ብርሃንን የለመደ ሰው ለንደን ላይ ነጠላ ይበቃዋል።

የጋበዙኝ አጎቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። እኔ ሳልወለድ በስደት ከአገር ወጥተው ለንደን ገቡ፤ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ብዙውን ጊዜ በርበሬና ሽሮ ያዝዛል። ጋሼ ግን በስልክ ያዘዙኝ ከበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰር፣ ቃጭል የሚንጠለጠልበት የቆዳ ማንገቻ ነው። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ወንድም ጋሼ፣ በቅሎ ገዛህ እንዴ?» ብትላቸው «ከበቅሎም በላይ» ብለው ዘጉት። እኔም ከገበያ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ዙሪያውን የተሰፋበት፣ ለሠርግ በቅሎ የሚሆን ማንገቻ ገዛሁ።

ቦሌ ፍተሻ ላይ የምትሠራው ልጅ ከሻንጣዬ መዝዛ አወጣችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የበቅሎ ነው አልኳት። በቅሎዋስ የት ናት አለችኝ። «ለንደን» አልኩ። እውነቱን በአጭሩ መናገሬ ነበር። ልጅቷ ባልደረባዋን ጠርታ መልሴን አስደገመችኝ፤ እሱም ሌላ ሰው ጠርቶ ሦስተኛ ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ «በቅሎዋን ሰላም በይልን» ብለው አሳለፉኝ። እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ሳቃቸው ይከተለኝ ነበር።

ዓርብ

ጋሼ በአየር ማረፊያው መውጫ ቆመው ጠበቁኝ። ሣቅ የማያበዙ፣ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ የጠመጠሙት ሻርፕ ላይ አንዲት በቅሎ ጥርሷን ታሳያለች። ሳሙኝና «ማንገቻው መጣ?» አሉኝ። የእናቴን ጤና የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

የጋሼ አማርኛ ከአገር በወጡበት ዘመን ላይ ቆሟል፤ የቀረውን እንግሊዝኛ ሞልቶታል። «ጓድ መምህርት፣ ካርድሽን እዚህ ጋ ታፕ አድርጊና እለፊ» አሉኝ ባቡር ጣቢያው በር ላይ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ዘመን ተሻገርኩ።

ባቡሩ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ ስትሄዱ ሸኖ ሳትደርሱ የጎረቤታችሁን ልጆች ስም ታውቃላችሁ፤ ከወጣላችሁም ቆሎ ትካፈላላችሁ። እዚህ ግን ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ተቀምጠን ሁሉም ጫማውን ያጠናል። ፊት ለፊቴ ያለችውን ሴትዮ «እንደምን አደሩ» ብላት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጋሼ በጆሮዬ «እዚህ አገር ሰላምታ በቀጠሮ ነው» አሉኝ።

ቤታቸው አርችዌይ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በሽሮና በጎመን ተቀበሉኝ፤ ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። ሳሎኑን ግን ልግለጽላችሁ። በአንደኛው ግድግዳ የእትዬ አስካለ ሥዕለ አድኅኖዎች ተሰቅለዋል። በተቃራኒው ግድግዳ የጋሼ በቅሎዎች አሉ፤ በቅሎ በባንዲራ፣ በቅሎ በኮፍያ፣ በቅሎ በግድግዳ ሰዓት። ሶፋው መሐል ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ወዴት እንደሚያይ መምረጥ አለበት። እኔ ጎመኑን እያየሁ በላሁ።

እትዬ አስካለ ችግሬ ገባቸው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ ሰው ዘመድሽን ሲጠይቅሽ፣ አጎቴ የበቅሎ ደጋፊ ነው በይ።»

ጋሼ አልተቀየሙም፤ የሚጠብቁት የሚያስረዱትን ሰው ነበር። እኔም የማስረዳት ፍቅር አለብኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ያን ዕለት አወቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አንዲት የከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። በድሮ ዘመን ከሰሉን ከጉድጓድ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ቃጭል ታስራለች። ሠራተኛው በጨለማው ውስጥ ከኋላ የሚከተለው ቃጭሉን እየሰማ ነው። ቃጭሉ ካለ ሰላም ነው። ቃጭሉ ዝም ካለ ከፊት አደጋ አለ። ማዕድኑ ተዘጋ፣ በቅሎዎቹም አለቁ፤ ሠራተኞቹ ያቋቋሙት የእግር ኳስ ቡድን ግን ስማቸውን ይዞ ቀረ። «በቅሎዎቹ» ይባላል። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ ወደ ስታዲየም ሲሄዱ አንድ ሰው ቃጭል እየደወለ ከፊት ይመራል፤ ሌላው የበቅሎ ጆሮ ደፍቶ ይከተላል።

«ዋንጫስ ስንት ጊዜ በሉ?» አልኳቸው።

«ዋንጫ ለፈረስ ነው» አሉኝ። «በቅሎ የምትመሰገነው በመሸከም ነው።»

ኳሱ የምናውቀው ኳስ አይደለም፤ ትልቅ ማንጎ ይመስላል፤ እግር ኳስ ይባል እንጂ የሚጫወቱት በእጅ ነው። ሕጉን ሁለት ጊዜ አስረድተውኝ አልገባ ሲለኝ እንዲህ አሉኝ። ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። ማንጎው በእጁ ያለው ድንበር ይገፋል። አራት ጊዜ እንዲሞክር ይፈቀድለታል። በአራቱ ሙከራ ዐሥር ያርድ ከገፋ እንደገና አራት ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ተራው ለወንድሙ ይሆናል። ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት ሸሚዝ የለበሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ክርክር ሲነሣ ሰንሰለት ዘርግተው ያስለካሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ እኛ አገር ይሰደባሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ይብሳል አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ትምህርት ማለት ይኼ ነው፤ የሩቁን በቅርቡ ማስረዳት።

በመጨረሻ ይህን ጨዋታ ከመቼ ጀምሮ እንደወደዱት ጠየቅኳቸው። ስደተኛ ሆነው ሲመጡ እዚሁ አርችዌይ አንድ ማረፊያ ቤት ገብተው ነበር። ቴሌቪዥኑ ክሪኬት የሚባል ጨዋታቸውን ሲያሳይ እንግሊዞቹ ያውቃሉ፣ እሳቸው አያውቁም። ዜና ሲያሳይም እንደዚያው። አንድ እሁድ ግን ይህ ጨዋታ መጣ።

«ጠባቂው አያውቅም፣ ሶሻል ወርከሯ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም» አሉኝ። «በዚህ አገር ከሰው እኩል የሆንኩት ያኔ ነው።»

ከዚያ ቤት ጨዋታውን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ምግብ አብሳይዋ፣ ሚስ ዶሪን።

ቅዳሜ

ሚስ ዶሪን የሚኖሩት ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሱቅ የከፈተበት ሰፈር። ለምሳ ተጠርተን ሄድን። ሚስ ዶሪን አጭር፣ ጉንጫቸው የቀላ አሮጊት ናቸው፤ በእግራቸው የበቅሎ ጆሮ ያለው የቤት ጫማ አጥልቀዋል። አባታቸው በሰሜን እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ስለነበሩ የበቅሎዎቹን ታሪክ ገና ሲሰሙ አለቀሱ ይባላል። የአሜሪካ ቡድኖች መኸር ላይ ለንደን እየመጡ ይጫወታሉ፤ ተራው የበቅሎዎቹ በሆነ ቁጥር የለንደን ደጋፊዎችን ቃጭል ይዘው የመሩት እሳቸው ናቸው። ቃጭሉን ከዚያች ከተማ የመጡ ደጋፊዎች ናቸው በስጦታ የሰጧቸው።

ምሳው ላይ ግራሃም የሚባል ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የደጋፊዎቹ ማኅበር ጸሐፊ። ብስኩት ያለበት ቆርቆሮ አቀረበልኝ። እኔም እንደ ወጉ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ፤ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ። ግራሃም ክዳኑን ገጥሞ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ብስኩቱን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በዚህ አገር «አይ» ማለት አይ ማለት ነው፤ የምትሄዱ ካላችሁ በባዶ ሆድ ይህን አትማሩ።

ያዳኑኝ ሚስ ዶሪን ናቸው። በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ጥብስ አምጥተው አንዴ ቆርሰው ሰጡኝ፤ በቃኝ ስል ዓይኔን ትክ ብለው አይተው በጠራ አማርኛ «በሞቴ» አሉኝ። ጋሼ በዚያ ማረፊያ ቤት ሳሉ ያስተማሯቸው ቃል ነው። እንግሊዛዊት አሮጊት በሞታቸው ሲምሉብኝ ምን እላለሁ? ሦስት ጊዜ በላሁ።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ መጣ። ነገ በቅሎዎቹ ዌምብሊ ስታዲየም ይጫወታሉ፤ የሚስ ዶሪን ጉልበት ግን ስለደከመ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። ቃጭሉን ማን ይውረስ በሚል ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ደምሴ፣ ግማሹ ግራሃም አለ። በስምምነት የተቆረጠው እንዲህ ነው፤ ነገ ጋሼ ይመራሉ። ደንቡ አንድ ነው። ቃጭሉ ከባቡር ጣቢያው በር እስከ ስታዲየሙ በር ድረስ ዝም ማለት የለበትም። ዝም ካለ ቃጭሉ የግራሃም ይሆናል፤ ካላለ ለዘለቄታው የጋሼ ነው። ግራሃም ጎን ለጎን ሄዶ ያዳምጣል።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለኝ ግራሃም። «ደንብ ግን ደንብ ነው።»

እንደ መምህር ከልቤ ተስማማሁለት። እንደ እህት ልጅ ግን ብስኩቱ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ያመጣሁትን ማንገቻ ቃጭሉ ላይ አሰሩ። ሚስ ዶሪን ቀዩን ዘርፍ ዙሪያውን ዳሰሱት። ስንመለስ በአውቶቡስ የላይኛው ፎቅ ከፊት ተቀመጥን፤ ጋሼ ቃጭሉ እንዳይጮህ ምላሱን በጣታቸው ይዘዋል።

«አውቶቡስ ስነዳ ሁልጊዜ ከፊት ነኝ» አሉኝ። «ግን ማንም ደምሴን ብሎ አይከተለኝም። ቁጥሩን አይቶ ነው የሚሳፈረው። ነገ እኔን ብለው ይከተሉኛል።»

ልቀልድ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ቤት እንደገባን ጋሼ በኮሪደሩ ላይ ልምምድ ጀመሩ። የታችኛው ቤት ሰውዬ መጥቶ ከብት ማርባት በውሉ ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረዳን። እሱን ሸኝተን ሳንቀመጥ ስልክ ጮኸ፤ እማማ ጥሩዬ ነበሩ። እማማ ጥሩዬ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ሁሉ ታላቅ፣ ጋሼንና እትዬ አስካለን አስታርቀው ያጋቡ እናት ናቸው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ዝክር አለ፤ ወንበር የሚያነሣ ይፈለጋል።

ጋሼ ቆመው ነው ያናገሯቸው። «ሺፍት አለብኝ እማማ። ድንገት ነው ያስገቡኝ» አሉ፤ ቃጭሉን ከኋላቸው ደብቀው።

እትዬ አስካለ አማተቡ። «ሺፍቱ ጆሮ አለው ወይ በላቸው» አሉ ቀስ ብለው።

እማማ ጥሩዬ የሚኖሩት እዚያው ዌምብሊ፣ ስታዲየሙ አጠገብ ነው። ይህን ጋሼ አልረሱም፤ አስበውበታል። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ስብከቱ ረጅም ነው፣ ዝክሩም አለ። እማማ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ እኛ ስታዲየም ውስጥ ገብተናል። ስሌቱን እኔም አየሁት፤ ስሕተት አልነበረበትም። ስሌቱ ያላካተተው ሰባኪው ጉንፋን መያዙን ነው።

እሁድ

ዌምብሊ ባቡር ጣቢያ ስንደርስ የቆሙትን ሰዎች አይቼ ገረመኝ። የበቅሎ ጆሮ ያለው ብቻ አልነበረም። የተጋጣሚው ደጋፊ አለ፤ ከዚያም አልፎ ያን ዕለት ጭራሹን የማይጫወቱ ቡድኖችን ማሊያ የለበሰ አለ። በእኛ አገር የማይጫወት ቡድን ማሊያ ለብሶ ስታዲየም የሚመጣ ሰው ጠብ ፈላጊ ነው። እዚህ ግን እየተሳሳቁ አብረው ፎቶ ይነሣሉ። ጋሼ እንዳስረዱኝ፣ ይህን ጨዋታ የሚወድ እንግሊዛዊ ጥቂት ስለሆነ የሌላ ቡድን ደጋፊ ሲያይ እንደ ዘመድ ይደሰታል።

ከጣቢያው እስከ ስታዲየሙ ሰፊ የእግር መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። ጋሼ ጆሮአቸውን ደፉ፣ ቃጭሉን በቀኝ እጃቸው ያዙ። እኔ የሚስ ዶሪንን ወንበር ከኋላቸው እገፋለሁ። ግራሃም በጎን፣ አንገቱን ወደ ቃጭሉ አዘንብሎ። ከእኛ ኋላ የበቅሎ ጆሮ እስከ ጣቢያው ደረጃ ድረስ ሞልቷል። ጋሼ አንዴ ዞር ብለው አዩና ቃጭሉን ከፍ አድርገው መቱት።

ሄድን። ቃጭሉ ይደወላል፣ ሕዝቡ በየመካከሉ እንደ በቅሎ ይጮሃል። እኔም መጀመሪያ አፍሬ፣ በኋላ ሳላፍር ጮህኩ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ስታዲየሙ ቀረበ፤ በሩ ታየ።

ያን ጊዜ ከሱቆቹ በኩል አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ የዳቦ ሽታ የሚሸት ፌስታል ይዘው ብቅ አሉ።

ጋሼ ቀድመው አይተዋቸዋል፤ አንገታቸው ሲሸሸግ አየሁ። የበቅሎውን ጆሮ ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። ፊት አልሸፈነም፤ ይልቁንም ይበልጥ ታየ።

«ደምሴ» አሉ እማማ ጥሩዬ። «አንተ ደምሴ።»

ጋሼ እንዳልሰማ ሆነው ሁለት ርምጃ ሄዱ። ከዚያ ሦስተኛው እግር አልነሣ አለ። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ጠብቀዋል፤ በሩ እዚያ ነው፤ ግራሃም ጎናቸው ነው። ቢሆንም ታላቅ ስም ጠርቶ እያለ ጀርባ ሰጥቶ መሄድን እግራቸው አልተማረም። ዞሩ። ቆሙ። ከኋላ ያለው መንጋ ሁሉ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቆመ። ግራሃም ጣቱን አነሣ።

ጋሼ ቃጭል የያዘውን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለታላቅ ሰው ግራ እጅ አይሰጥምና። እማማም እጁን ከነቃጭሉ በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«እንደምን ሰነበቱ እማማ።» ቃጭሉ ተወዘወዘ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነህ ወይ?» ተወዘወዘ።

«ጉልበትዎ ተሻለዎ?» ጋሼ ሳሟቸው። «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ሳሟቸው። «ራስዎስ እንዴት ነዎት?» ሦስተኛ ሳሟቸው፤ በሳሙ ቁጥር ይጎነበሳሉ፣ በጎነበሱ ቁጥር እማማ እጁን እየናጡ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላሉ። የእኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ አለቀ ሲባል ይጀመራል። ቃጭሉ በመንገዱ ሁሉ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም።

እማማ እጁን ሳይለቁ የበቅሎውን ጆሮ ተመለከቱ። «ሥራ ነኝ አላልከኝም?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማማ» አሉ ጋሼ።

እማማ ከኋላ የቆመውን ሕዝብ አዩ። «እነዚህስ?»

«ተሳፋሪዎቼ ናቸው።»

እማማ ጥሩዬ ብዙ አሰቡ፤ እጁን ግን እየናጡ ነው ያሰቡት። ከዚያም እጁን ሳይለቁ ፌስታሉን ለእኔ ሰጡኝ። የዝክር ዳቦ ነበር። ሥራ ላይ ለዋለው ለደምሴ ድርሻውን ይዘውለት መጥተው ነው። ጋሼ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣቸው በወደዱ ነበር።

«በሉ ይብሉ እንጂ» አሉ እማማ። «ጆሮ አላቸው፣ አፍ የላቸውም?»

ዳቦውን ቆረስኩ። ሚስ ዶሪን ከወንበራቸው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ሦስት ጊዜ ተሳሙ። ከኋላቸው ያሉትም ነገሩ የሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው ተሰለፉ። እማማ በግራ እጃቸው ጋሼን እንደያዙ በቀኛቸው የደረሰውን ሁሉ ጉንጩን ይዘው ሳሙ፤ በሳሙ ቁጥር ጋሼም አብረው ይሳባሉ፣ ቃጭሉም ይጮሃል። ግራሃም ተራው ደረሰ። ደንብ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ እማማ ዳቦ አጎረሱት።

መርቀውን ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጋሼ እየደወሉ እስከ በሩ መሩን። በሩ ላይ ግራሃም ቁራሹን ውጦ ጨረሰና «ቆሟል» አለ።

«ቆሟል» አሉ ሚስ ዶሪን። «ደንቡ ስለ እግር ምን ይላል?»

ግራሃም ሐቀኛ ሰው ነው። ቆሞ አሰበ። ጋሼ ቃጭሉን አሁንም እየነቀነቁ ነው፤ ማቆም ፈርተዋል።

«ስለ እግር ምንም አይልም» አለ በመጨረሻ።

«ቃጭሉስ ዝም ብሏል?»

«ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል» አለ ግራሃምና እጁን ለጋሼ ዘረጋ። ጋሼ ግን ሳሙት፤ ሦስት ጊዜ።

ጨዋታውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በዚህ ጨዋታ የራሳችሁ ቡድን ድንበር ሲገፋ ዝም ይባላል፤ ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን እንዲሰሙ ነው። የሚጮኸው ሌላው ሲገፋ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት፣ ጸጥ ባለው ሕዝብ መሐል ብቻዬን ብድግ ብዬ «በለው» ካልኩ በኋላ ነው። ፊት ለፊቴ ያሉት ሁሉ ዞሩ። በቅሎዎቹ ተሸነፉ። ጋሼ ቃጭሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል፤ ውጤቱን እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

ቤት ስንደርስ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ናቸው። እማማ ጥሩዬ ደውለውላቸዋል።

«ሺፍቱ እንዴት ዋለ?» አሉ።

ጋሼ ቃጭሉን አሳዩ። እትዬ አስካለ ቀዩን ዘርፍ አዩ፣ ባላቸውን አዩ። የተናገሩት ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ወጥ እያወጡላቸው ነበር።

«የቤተ ክርስቲያኑ ቃጭል ቢያንስ ዝም ማለት የሚገባውን ጊዜ ያውቃል» አሉ። «የሚመጣው እሁድ ወንበሮቹን ሁሉ ብቻህን ታነሣለህ።»

«አነሣለሁ» አሉ ጋሼ። «በቅሎ የምትመሰገነው በመሸከም ነው።»

ሰኞ

ሻንጣዬን ስዘጋ ግራሃም ለጋሼ ደወለ። ማኅበሩ በጠዋት ተነጋግሯል። ከእንግዲህ ቃጭል ያዡ በመንገዱ አጋማሽ ቆሞ አንድ ታላቅ ሰው ሦስት ጊዜ እንዲስም ተወስኗል፤ ግራሃም ደንቡን እየጻፈ ከየትኛው ጉንጭ እንደሚጀመር ግራ ገብቶት ነው። ጋሼ ስልኩን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ግራ ገባኝ። ከእትዬ አስካለ ጋር ተሳስመን ሞከርን፤ ደጋግመን ተጋጨን። ስንስም አስበነው አናውቅም ለካ። በመጨረሻ ጋሼ «እንደመጣው» ብለው ነገሩት። ግራሃም ይህን እንዴት እንደጻፈው አላውቅም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የሌላ ሰው ጥንታዊ ወግ ስታዩ አትሳቁ፤ አንዳንዱን ባለፈው እሁድ አንዲት አሮጊት ዳቦ ይዘው ሲያልፉ ሠርተውታል።

አሁን ደግሞ የቤት ሥራ። ለንደን መሄድ አያስፈልግም። ከሰፈራችሁ አንድ ቃጭል ተዋሱ፤ የበቅሎ ባይገኝ የፍየልም ይሆናል። በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ ከገበያ እስከ ቤታችሁ ሂዱ፤ በመንገድ ያገኛችሁትን የምታውቁትን ሰው ሁሉ እየቆማችሁ፣ ከነቃጭሉ እጅ እየጨበጣችሁ፣ እንደ ወጉ ሰላም በሉ። ጆሮ መድፋቱን ለየራሳችሁ ትቻለሁ። ቤት ስትደርሱ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ቃጭሉ የት ላይ ዝም አለ? እዚያ ጋ ያለፋችሁትን ሰው አስታውሱና ተመለሱ።